ሞተር ጠፍቶ ቴፕ ማጫወት፦ ማታ ዜና ሰምቶ ጠዋት ሳይገፉ ለመነሳት

እኔና ታላቅ ወንድሜ ልብስ ነጋዴዎች ነን። ያለችን መኪና አንዲት ያረጀች ቶዮታ ሃይሩፍ ናት። የኋላ ወንበሮቿን አውጥተን አልጋ፣ ቡታጋዝና የውሃ ጀሪካን አስገብተንባታል። ደምበጫ፣ ፍኖተ ሰላም፣ ቡሬ፣ ኮሶበር እያልን ከገበያ ገበያ ስንዞር አልቤርጎ አንይዝም፤ እዚያው መኪናችን ውስጥ እናድራለን። እራት ከበላን በኋላ የምንፈልገው ነገር ሬዲዮ ነው። በአዘቦት ቀን ዜና፣ ቅዳሜ ደግሞ ኳስ።

የመኪናችን ቴፕ ግን ቁልፍ ሲወጣ ዝም ይላል። ስለዚህ አንድ ሠራተኛ ጋ ወስደን "ሁልጊዜ እንዲሠራ አድርግልን" አልነው። አሥር ደቂቃ አልፈጀበትም። ሁለት ሽቦ ላጠ፣ አጣመረ፣ ናስትሮ ጠቀለለበትና ሸኘን።

በሦስተኛው ሌሊት ኮሶበር አደርን። ኅዳር ነበር። ኮሶበር የምንላት እንጅባራ ከ2,500 ሜትር ከፍታ በላይ ናት፤ በኅዳር ሌሊት ውርጩ አይጣል ነው። ቴፑን ሳናጠፋ እንቅልፍ ጣለን። ጠዋት ቁልፉን ሳዞር ሞተሩን የሚያስነሳው ሞተሪኖ አንዴ "ጠቅ" ብሎ ቀረ። የግቢው ዘበኛ ጋቢያቸውን እንደተከናነቡ መጡና "ሬዲዮህ ሲያወራ አደረ እኮ ልጄ፤ ባትሪው ምን ይሁን ብለህ ነው?" አሉኝ። ስድስት ሰው ገፍቶ አስነሳት። ገበያ ስንደርስ የለመድነውን ቦታ ሌላ ሰው ይዞታል።

ከዚያ በኋላ ነው ነገሩን ከሥሩ ለማወቅ የተነሳሁት። ቴፑን ሞተር ጠፍቶ ማጫወት ከባድ አይደለም። ከባዱ መኪናዋ ጠዋት እንድትነሳ አድርጎ ማጫወት ነው። መኪናው ውስጥ ለሚያድር ሹፌር፣ ለመስክ ሠራተኛ፣ እንደኛ ለሚዞር ነጋዴ ይጠቅማል ብዬ የተማርኩትን አንድ በአንድ ጽፌዋለሁ።

ሦስቱ ሽቦዎች

ከገበያ የሚገዛ ቴፕ ጀርባ ላይ ብዙ ሽቦ አለ። አብዛኛው የስፒከር ነው፤ ነጭ፣ ግራጫ፣ አረንጓዴና ሐምራዊ፣ እያንዳንዱም ጥቁር መስመር ካለው ጥንዱ ጋር። እነሱን አትንኩ። የእኛ ጉዳይ ከሦስት ሽቦዎች ጋር ነው።

ቢጫው ቋሚ መብራት ነው። ቁልፍ ኖረም አልኖረም ከባትሪ 12 ቮልት ያመጣል። ሰዓቱንና የያዛችኋቸውን ጣቢያዎች የሚያስታውሰው በእሱ ነው። ቀዩ የቁልፉ ነው። ቁልፉ ሲዞር ብቻ መብራት ያገኝና ቴፑን "ተነስ" ይለዋል። ጥቁሩ ማሳ ነው፤ ከመኪናዋ አካል ጋር ይገናኛል።

አሁን ልብ በሉ። በአብዛኞቹ ቴፖች ቀዩ መቀስቀሻ ብቻ ነው። ዋናው ጉልበት፣ ስፒከሩን የሚያንቀጠቅጠው ማለቴ ነው፣ የሚመጣው በቢጫው በኩል ነው። ይህን ያላወቀ ሰው ሥራውን ሁሉ ጨርሶ ባትሪው ለምን እንደሚያልቅበት ግራ ይገባዋል። በኋላ እመለስበታለሁ።

ከመኪናዋ በኩል የሚመጡት ሽቦዎች ቀለም ደግሞ ሌላ ነው። በቶዮታ ኦሪጅናል ሶኬት ላይ ብዙውን ጊዜ ቋሚው ሰማያዊ ሆኖ ቢጫ መስመር አለው፤ የቁልፉ ግራጫ ነው፤ ማሳው ቡናማ ነው። ግን መኪናችሁ በስንት እጅ እንዳለፈች አታውቁም። ቀለም አይታመንም። ቴስተር ይታመናል።

ያ ሠራተኛ ምን አጠፋ?

ቀዩን ከቢጫው ጋር አጣመረ። እስከዚህ ድረስ ቴፑ ይሠራል። ነገር ግን ከመኪናዋ ቁልፍ የሚመጣውን የድሮውን ሽቦ አልቆረጠውም፤ ሦስቱንም አንድ ላይ ጠቀለላቸው። መብራት መንገድ ካገኘ ወደ ኋላም ይሄዳል። ከቢጫው ተነስቶ በቀዩ በኩል ወደ ቁልፉ መስመር ተመለሰና በዚያ መስመር ላይ ያለውን ሁሉ ቀሰቀሰ። እኛ ደግሞ በቻርጀር ሶኬቱ ላይ ኢንቨርተር፣ የባትሪን መብራት ወደ ቤት መብራት የሚለውጥ ዕቃ፣ ሰክተን ስልክ ቻርጅ እናደርግ ነበር።

በኋላ ስለካው ቴፑ ብቻውን በዝግታ ሲጫወት የሚበላው 0.6 አምፔር ገደማ ነው። ከወንበር ሥር ያለው አምፕሊፋየር 1 አምፔር ይጨምራል። ኢንቨርተሩና ስልኮቹ ሲደመሩ 3.4 አምፔር ደረሰ። ይህ በ10 ሰዓት 34 አምፔር ሰዓት ነው። የኛ ባትሪ የሚይዘው 70 አምፔር ሰዓት ነው፤ ያውም ያረጀ። ግማሹ አለቀ ማለት ነው። በዚያ ላይ ብርዱ አለ። ብርድ የባትሪን ጉልበት ይቀንሳል፣ የሞተር ዘይትንም ያወፍራል። ሞተሪኖው ብዙ ጉልበት በሚፈልግበት ሰዓት ባትሪው ትንሽ ነው የሚሰጠው።

ሌላም አደጋ ነበረው። የቴፑ ፊውዝና ቀጭን ሽቦ የተሠሩት ለቴፕ እንጂ ለኢንቨርተር አይደለም። እሳት የሚነሳው እንዲህ ካለው ቦታ ነው።

መጀመሪያ ይህን ሞክሩ

ሽቦ ከመቁረጣችሁ በፊት ቁልፉን አንድ ደረጃ ብቻ አዙሩ። ኤሲሲ (ACC) ተብሎ የተጻፈበት ማቆሚያ አለ። እዚያ ላይ ቴፕ ይሠራል፤ የዳሽቦርዱ መብራቶች ግን አይበሩም። ብዙ ሰው ሳያውቅ እስከ ኦን ያዞረዋል። ኦን ላይ ናፍጣ የሚከፍተው ሶሌኖይድና ሌላም ብዙ ነገር መብራት ይበላል። የምትፈልጉት የግማሽ ሰዓት ዜና ከሆነ ኤሲሲ ይበቃችኋል፤ ምንም ሥራ አያስፈልግም። እኛ በዚህ ያልበቃን ቁልፍ ተሰክቶ መተኛት ስላልወደድን ነው።

ዕቃ

ቴስተር፣ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ 10 ቁጥር ቁልፍ፣ ናስትሮ። 1.5 እና 2.5 ሚሊ የመኪና ገመድ፤ የቤት ውስጥ ባለ አንድ ወፍራም ሽቦ አይሆንም፣ በመንገድ መንቀጥቀጥ ይሰበራል። የፊውዝ ቤት ከነፊውዙ። ባለ ሦስት እግር፣ ወደ ላይም ወደ ታችም የሚበራ፣ መሃል ላይ የሚጠፋ ማብሪያ ማጥፊያ። የፕላስቲክ ማሰሪያ። ሁለተኛ ባትሪ የምታስገቡ ከሆነ ዝርዝሩን ወደ ታች ታገኙታላችሁ።

ቴፑን ማውጣት

የቴፓችሁ መክፈቻ ኮድ ካለ መጀመሪያ ጻፉት። ባትሪ ሲነቀል ይጠይቃችኋል።

ከዚያ ኮፈኑን ክፈቱና የባትሪውን ኔጋቲቭ ንቀሉ። ሁልጊዜ ኔጋቲቩ ቀድሞ ይወጣል፣ መጨረሻ ላይ ይገባል። ምክንያቱ ቀላል ነው። ፖዘቲቩን ስትፈቱ 10 ቁጥሩ ቁልፍ የመኪናዋን ብረት ቢነካ ብልጭታው እጅ ያቃጥላል። ኔጋቲቩ ከወጣ ግን ቢነካም ምንም አይሆንም። መኪናችሁ ኤርባግ ካላት ጥቂት ደቂቃ ጠብቁ፤ ቢጫ ሽፋን የለበሰ የሽቦ ጥቅልም ካያችሁ አትንኩት።

በቴፑ ዙሪያ ያለው ፕላስቲክ የተያዘው በክሊፕ ነው። የምግብ ቢላዋ በጨርቅ ጠቅልላችሁ ከታች በኩል ቀስ ብላችሁ ፈልቅቁት። ጠዋት በብርድ አትሥሩት፤ የቀዘቀዘ ፕላስቲክ ይሰነጠቃል። እኛ ፀሐይ ላይ አቁመናት ቆይተን ነው የጀመርነው። ከሥሩ አራት ብሎኖች ታገኛላችሁ፤ 10 ቁጥር ናቸው። ቴፑን ወደ ራሳችሁ ሳቡት፣ ግን ሽቦውን አትጎትቱ። አንዱንም ሳትነቅሉ በስልካችሁ ፎቶ አንሱት። ያ ፎቶ ማታ ላይ ይታደጋችኋል።

መለካት

ቴስተሩን 20 ቮልት ዲሲ ላይ አድርጉ። ባትሪውን ለጊዜው መልሱት። የቴስተሩን ጥቁር ጫፍ ቀለም በሌለው ብረት ላይ ያዙ። በቀይ ጫፍ ሽቦዎቹን አንድ በአንድ ንኩ። ቁልፉ ወጥቶ 12 እና ከዚያ በላይ የሚያሳየው ቋሚው ነው። ቁልፉ ሲወጣ ዜሮ፣ ኤሲሲ ላይ ሲሆን 12 የሚሆነው የቁልፉ ነው። በሁለቱ ላይ የናስትሮ ቁራጭ ለጥፋችሁ "ቋሚ" እና "ቁልፍ" ብላችሁ ጻፉ። 24 ካሳየ ቁሙ፤ ስለ አይሱዙ የጻፍኩትን ከታች አንብቡ። ስትጨርሱ ኔጋቲቩን እንደገና ንቀሉ።

አጭሩ መንገድ፦ ማብሪያ ማጥፊያ

ማታ አንድ ወይም ሁለት ሰዓት ብቻ ለሚሰማና ባትሪው ጤነኛ ለሆነ ሰው ይህ ይበቃል።

ቀዩን ሽቦ ቁረጡት። አሁን ሁለት ጫፍ አላችሁ። ወደ ቴፑ የሚሄደውን ጫፍ በማብሪያው መሃለኛ እግር ላይ እሰሩ። ከመኪናዋ ቁልፍ የሚመጣውን ጫፍ በአንዱ ዳር እግር ላይ። ከዚያ ከቢጫው ሽቦ ቅርንጫፍ አውጡና፣ መሃል ላይ የ5 አምፔር ፊውዝ አስገብታችሁ፣ በሌላው ዳር እግር ላይ እሰሩ። ማብሪያው ወደ ላይ ሲሆን ቴፑ እንደ ድሮው በቁልፍ ይሠራል። ወደ ታች ሲሆን ያለ ቁልፍ ይሠራል። መሃል ላይ ጭራሽ ይጠፋል።

ውበቱ እዚህ ላይ ነው። የማብሪያው መሃለኛ እግር በአንድ ጊዜ ከአንዱ ዳር ጋር ብቻ ነው የሚገናኘው። ስለዚህ የባትሪው መብራት ወደ ቁልፉ መስመር ተመልሶ ሌላ ነገር የሚቀሰቅስበት መንገድ የለውም። ያ ሠራተኛ የዘለላት ነገር ይህችው ናት።

ቴፓችሁ በጣም የቆየ ከሆነ ጉልበቱን በቀዩ በኩል ሊወስድ ይችላል። የ5 ፊውዙ ከተቃጠለ ምክንያቱ ይህ ሊሆን ይችላል። መጀመሪያ የተላጠ ሽቦ ብረት ነክቶ እንደሆነ እዩ። ከሌለ ገመዱ 1.5 ሚሊ መሆኑን አረጋግጣችሁ ወደ 10 ከፍ አድርጉት። ከዚያ በላይ ግን አትሂዱ። በፊውዝ ፋንታ ሽቦ መጠቅለልማ በፍጹም።

እኛ የመረጥነው፦ ለቴፑ የራሱ ባትሪ

መኪና ውስጥ የሚያድር ሰው ይህን ቢያደርግ ደስ ይለኛል። ሬዲዮው ሌሊቱን ሙሉ ቢያወራም የሚያልቀው የራሱ ባትሪ ነው። የሞተሪኖው ባትሪ አይነካም።

እኛ 40 አምፔር ሰዓት የሆነ ደረቅ ባትሪ ከአልጋው ሥር አስገባን። ደረቅ ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ውሃ የሚሞላው ባትሪ ሲሞላ የሚቀጣጠል ጋዝ ይተፋል። እዚያው ተኝታችሁ፣ ቡታጋዝ እየለኮሳችሁ፣ እሱ ከሥራችሁ መሆን የለበትም። በእንጨት ሳጥን ውስጥ አድርገን በብረት ቀበቶ ከወለሉ ጋር አሰርነው። ወደ አባይ በረሃ ቁልቁለት ስትወርዱ ያልታሰረ ባትሪ ምን እንደሚሆን አስቡት።

የባትሪውን ኔጋቲቭ በአጭር ወፍራም ገመድ ከመኪናዋ ብረት ጋር አገናኙ። ቀለሙን ፍቃችሁ፣ ብሎን አጥብቃችሁ። ይህን የሚረሳ ብዙ ነው። የቴፑ ማሳ ከመኪናዋ አካል ጋር ስለሆነ፣ የአዲሱም ባትሪ ማሳ እዚያው ካልደረሰ መብራቱ ዙሩን አይጨርስም።

ከፖዘቲቩ 2.5 ሚሊ ገመድ አውጡ። ከባትሪው በአንድ ስንዝር ርቀት ውስጥ ፊውዝ አስገቡ፤ ቁጥሩ ከቴፑ ጀርባ ላይ ካለው ፊውዝ ጋር እኩል ይሁን፣ 10 ወይም 15። ፊውዙ ቴፑ አጠገብ ቢሆን ጥቅም የለውም። በመሃል ያለው ገመድ ተልጦ ብረት ቢነካ የሚያስቆመው አያገኝም።

ገመዱን በወለሉ ጠርዝ በምንጣፉ ሥር አሳልፉት። በብረት ቀዳዳ የሚያልፍበት ቦታ ሁሉ ጎማ ይልበስ። ከፔዳሎቹና ከመሪው ዘንግ አርቃችሁ በየስንዝሩ እሰሩት።

አሁን ቀደም ብዬ እመለስበታለሁ ወዳልኩት ነገር ደረስን። ወደ አዲሱ ባትሪ መዞር ያለበት ቢጫው ነው። ቀዩን ብቻ አዙራችሁ ቢጫውን በድሮው ቦታ ከተዋችሁት፣ ቴፑ የሚቀሰቀሰው ከአዲሱ ባትሪ ይሆናል፣ የሚበላው ግን ከሞተሪኖው ባትሪ ነው። ሥራችሁ ሁሉ ከንቱ ሆነ ማለት ነው። ስለዚህ የመኪናዋን ቋሚ ሽቦ ቁረጡና ጫፉን ለብቻው በናስትሮ በደንብ ሸፍኑት፤ ሁልጊዜ መብራት ያለበት ጫፍ ነው። አዲሱን ገመድ ከቴፑ ቢጫ ጋር አገናኙ። ቀዩን ደግሞ ከላይ እንደተጻፈው በማብሪያው በኩል አሳልፉት፤ ቅርንጫፉ የሚወጣው አሁን ከአዲሱ ገመድ ይሆናል።

ስለ ማገናኘት አንድ ነገር። በስታኞ ብቻ የተያያዘ ሽቦ በጠጠር መንገድ ላይ አይበረክትም። ስታኞው የቆመበት ጠርዝ ላይ ሽቦው ይደርቅና በመንቀጥቀጥ ይሰበራል። የሽቦ ማያያዣ ቱቦ አድርጋችሁ በፒንሳ ጨፍልቁት፤ ከዚያ ሳብ አድርጋችሁ ሞክሩት። ከወጣ ድገሙት።

አዲሱ ባትሪ በምን ይሞላል?

ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ዲናሞው ነው። ሁለቱን ባትሪዎች በቀጥታ በገመድ ብታገናኙ ሌሊት አብረው ያልቃሉ። በመሃላቸው ቮልቴጅ እያየ የሚከፍትና የሚዘጋ ሪሌ ይገባል። ሞተር ሲነሳ ቮልቱ ከ13.3 ገደማ ሲያልፍ ያገናኛቸዋል፤ ሞተር ጠፍቶ ወደ 12.8 ሲወርድ ይለያቸዋል። እኛ 10 ሚሊ ገመድና 50 አምፔር ፊውዝ ተጠቀምን። ፊውዙ በሁለቱም ባትሪዎች በኩል ነው፣ አንድ አንድ። ይህ ክፍል ብዙ ጉልበት ያለበት ስለሆነ እጃችሁ ካልለመደ ለባለሙያ ስጡት፤ ግን አጠገቡ ቆማችሁ የሁለቱን ፊውዝ ቦታ እዩ።

ሁለተኛው ሶላር ነው። 50 ዋት የሆነ ፓኔል በጠራ ፀሐይ ከ2 እስከ 3 አምፔር ይሰጣል፤ በመቆጣጠሪያ በኩል መግባት አለበት። ለሬዲዮ ብቻ ከሆነ ከበቂ በላይ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ግን የጎጃም ሰማይ ስለማይከፈት በእሱ ብቻ አትመኩ።

አይሱዙ ላላችሁ

የጭነት አይሱዙ 24 ቮልት ነው። ሁለት ባለ 12 ባትሪ በተርታ ተያይዞ ማለት ነው። ብዙ ሹፌር 12 ቮልት ቴፕ ገዝቶ ከአንደኛው ባትሪ ብቻ መብራት ይወስዳል። ይሠራል፤ ባትሪዎቹን ግን ይገድላቸዋል። አንዱ ሁልጊዜ ጎዶሎ ይሆናል። ዲናሞው ሁለቱን እንደ አንድ ስለሚሞላ፣ ሙሉው ከልክ በላይ ይሞላና ይፈላል፣ ጎዶሎው ሳይሞላ ይቀራል። ከ24 ወደ 12 የሚያወርድ ኮንቨርተር ግዙ፤ ከሁለቱም እኩል ይወስዳል። ኮንቨርተሩ ራሱ ሥራ ሳይኖረው ትንሽ ይበላል፤ ስለዚህ ማብሪያውን ከእሱ በፊት አድርጉት። ጣቢያዎቹን እየረሳ ቢያስቸግራችሁም ለባትሪው ይሻላል።

መፈተሽ

ሁሉም ነገር ከመከደኑ በፊት ኔጋቲቩን መልሱ። ማብሪያውን ወደ ታች አድርጉ፤ ቴፑ ይጫወት። አሁን ቁልፉ ወጥቶ የቻርጀር ሶኬቱን በቴስተር ለኩ። ዜሮ መሆን አለበት። 12 ካሳየ መብራት ወደ ኋላ እየሄደ ነው፤ የማብሪያውን እግሮች እንደገና እዩ።

ቀጥሎ የሞተሪኖውን ባትሪ ኔጋቲቭ ንቀሉና ቴስተሩን በ10 አምፔር ሶኬቱ አድርጋችሁ በተነቀለው ገመድና በባትሪው መሃል አስገቡት። በሮች ተዘግተው፣ ቴፕ እየተጫወተ። ባለ ሁለት ባትሪ ከሆናችሁ ቁጥሩ የቴፑን መብላት ማሳየት የለበትም፤ ከ0.05 በታች ቢሆን ጥሩ ነው። በዚህ ሁኔታ ግን መኪናዋን ለማስነሳት አትሞክሩ፤ የቴስተሩ ፊውዝ ይቃጠላል።

ባትሪውን ማታ ማታ መለካት ልመዱ። ትንሽ የቮልት ማሳያ ማብሪያው አጠገብ ብትሰኩ ይቀላል። ሞተር ከጠፋ አንድ ሁለት ሰዓት በኋላ 12.6 እና ከዚያ በላይ ሙሉ ነው። 12.2 ግማሽ ነው። የሞተሪኖው ባትሪ ከሆነ እዚያ ላይ ቴፑን አጥፉ። 11.9 ከሆነ ለጠዋት ገፊ ፈልጉ።

ሥራውን በጨረስን በሳምንቱ ተመልሰን ኮሶበር አደርን። ያው ግቢ፣ ያው ብርድ። ኢንቨርተሩን ነቀልን። አምፕሊፋየሩም ለሌሊት እንዲጠፋ ከቴፑ ሄዶ የሚቀሰቅሰውን ሰማያዊ ሽቦ አቋርጠነው ነበር። ወንድሜ ሬዲዮው ሳይጠፋ ተኛ፤ እኔም ሆን ብዬ ተውኩት። ማታ ሦስት ሰዓት ላይ የአዲሱ ባትሪ ማሳያ 12.7 ይል ነበር። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ 12.5 ሆኗል። የሞተሪኖው ባትሪ ማታም ጠዋትም 12.6 ነው። ቁልፉን አዞርኩ፤ በመጀመሪያው ተነሳች። ዘበኛው በሩን ሊከፍቱልን ሲመጡ ሬዲዮው ገና የጠዋቱን ዜና እያነበበ ነበር።